ሰነዱ ሙሉ፣ ቦኖው ደረቅ

ባለፈው እትም ስለ ወረዳ ኦዲት ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ደብዳቤው ጎረፈ። ሁሉን ማተም አይቻልም፤ ሰባቱን መርጬ እነሆ። ስምና ቦታ ያስቀረሁት ሆን ብዬ ነው። የጻፋችሁልኝ ሰዎች ነገ መታወቂያ ለማሳደስ የምትሄዱት እዚያው ቢሮ ነውና። እኔ ራሴ ሃያ ምናምን ዓመት በመንግሥት ኦዲተርነት ሠርቼ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ አንዳንድ ቦታ ለሙያዬ ሳዳላ ካያችሁኝ ይቅር በሉኝ።

ኦዲት ተደርጎ "ንጹሕ ነው" ተባለ፤ ውሃው የታለ?

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው አንዲት የወረዳ ከተማ ነው። የሰፈራችን ቦኖ ከደረቀ ስምንት ወር ሆነው። ውሃ በጀሪካን ከባጃጅ ላይ እየገዛን ነው የምንጠጣው። ቢሮ ሄደን ስንጠይቅ "ፓምፕ ተገዝቷል፣ ተተክሏል፣ ኦዲተርም መጥቶ ምንም ችግር የለም ብሏል" አሉን። ኦዲተሮቹ መምጣታቸው እውነት ነው፣ በዓይናችን አይተናቸዋል፤ ሦስት ቀን ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ሄዱ። ኦዲተር ችግር የለም ካለ እኛ ምን ሆነን ነው የተጠማነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የተጠማችሁት ውሃ ስለሌለ ነው። የሚገርመው ግን ኦዲተሩም ዋሽቶ ላይሆን ይችላል።

ሰው "ኦዲት" ሲባል አንድ ነገር ይመስለዋል። ቢያንስ ሁለት ነው። አንዱ የፋይናንስና ሕጋዊነት ኦዲት ይባላል። ብሩ በተፈቀደለት የበጀት ርዕስ ወጣ ወይ፣ ግዥው ደንቡን ጠብቋል ወይ፣ ደረሰኝ አለው ወይ፣ መፈረም ያለበት ሰው ፈርሟል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሌላው የክዋኔ ኦዲት ነው። እሱ የሚጠይቀው ልክ እርስዎ የጠየቁትን ነው፤ ገንዘቡ ወጣ፣ ታዲያ ውሃው መጣ ወይ? ወረዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው የመጀመሪያው ነው፤ እሱም በየዓመቱ ሁሉንም አያዳርስም። ሁለተኛው ጊዜ ይፈልጋል፣ መሐንዲስ ይፈልጋል፣ መኪና ይፈልጋል።

አንድ ታሪክ ላጫውትዎ። ከዓመታት በፊት ለሥራ አንዲት ወረዳ ሄድኩ፤ ስሟን ተዉት። የውሃ ፓምፕ ግዥ ሰነድ ቀረበልኝ። እንዲህ ያማረ ሰነድ አይቼ አላውቅም። ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ፣ ፓምፑ ንብረት ክፍል ገቢ የሆነበት ሞዴል 19 አለ፣ በዚያው ቀን ለቴክኒሻኑ ወጪ የሆነበት ሞዴል 22 አለ። የፓምፑ መለያ ቁጥር ሳይቀር በንጹሕ እጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። "እሺ፣ ፓምፑን አሳዩኝ" አልኩ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ፈገግ አለ። "ጋሼ፣ ፓምፑ እኮ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስልሳ ሜትር ወርደው ያዩታል?" ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። በነጋታው የጉድጓዱን የመብራት ቢል አምጡልኝ አልኩ፣ የስድስት ወሩን። ፓምፑ "ከተተከለ" በኋላ ባሉት ወራት ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም። የተመዘገበው የጥበቃ ቤቷ አምፖል የበላችው ብቻ ነው። በጄኔሬተር ነው የሚሠራው እንዳልል ደግሞ የነዳጅ ወጪ የለም።

መጨረሻው ምን ሆነ መሰለዎ? ፓምፑ አልተሰረቀም። ሳጥኑ እንኳ ሳይከፈት፣ ላዩ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ተደርድሮበት ሌላ መጋዘን ውስጥ ተገኘ። የተገዛው በባለ ሦስት ፌዝ የመብራት መስመር የሚሠራ ነበር፤ ጉድጓዱ ጋ የደረሰው መስመር ባለ አንድ ፌዝ፣ አይገጥምም። የገዛው ሰው ስህተቱን ለመናገር አፈረ፤ አለቃው የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ሰነዱ እንዲያልቅለት ፈለገ፤ ቴክኒሻኑ ፈርም ሲባል ፈረመ። በቃ፣ ማንም ሳይሰርቅ አንድ ከተማ ተጠማ። ከዚያ ወዲህ "ሌባ" የሚለውን ቃል ቶሎ ከአፌ አላወጣም። ሌባ የለም ማለቴ ግን አይደለም።

እናንተ አሁን ምን አድርጉ? ደብተር ግዙ። ቦኖው የደረቀበትን ቀን፣ ጀሪካኑን በስንት እንደምትገዙ፣ ቢሮ የሄዳችሁበትን ቀን፣ ያናገራችሁ ሰው የሥራ ድርሻው ምን እንደሆነ ጻፉ። አቤቱታችሁ "ውሃ የለም" የሚል አይሁን፤ እሱንማ እነሱም ያውቁታል። "ፓምፑ በስንት ቀን፣ በየትኛው ሞዴል 22 ወጪ ሆነ? ከዚያ ወዲህ የመብራት ቢሉ በየወሩ ስንት መጣ?" የሚል ይሁን። እንዲህ ያለውን ጥያቄ "እየተሠራበት ነው" ብሎ ማለፍ ይከብዳል። አንዱን ቅጂ ለወረዳው ምክር ቤት፣ አንዱን ለክልሉ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ላኩ። የወረዳን ሒሳብ ከውጭ መጥቶ የሚመረምረው የክልሉ ዋና ኦዲተር ነው፤ ተጠሪነቱም ለክልሉ ምክር ቤት እንጂ ለወረዳው አስተዳዳሪ አይደለም። ሰው ግን አቤት የሚለው መልሶ እዚያው አስተዳዳሪው ጋ ነው።

ደግሞ አንድ የምወደው ነገር አለ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ከ600 በላይ መንደሮች መንገድ ሲሠሩ፣ ቤንጃሚን ኦልከን የሚባል የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ መሐንዲሶች አሰማርቶ መንገዱን ራሱን እያስቆፈረ ስንት ድንጋይና አሸዋ እንደገባበት አስለካ። የለካው ሰነድ አይደለም፣ መንገድ ነው። "ኦዲተር መምጣቱ አይቀርም" ተብሎ አስቀድሞ በተነገራቸው መንደሮች የጠፋው ገንዘብ በ8 ፐርሰንት ነጥብ ያህል ቀነሰ። ግን በዚያው ልክ ሌላ ነገር ጨመረ፤ ዘመድ መቅጠር። ደረሰኝ የማይቆረጥለት ነገር ነዋ!

"ለሚመለከተው አካል ብቻ ነው" ተባልኩ

እንደምን ሰነበቱ ጋሼ። መምህር ነኝ። የወረዳችንን የኦዲት ሪፖርት ለማየት ጠይቄ "ለሚመለከተው አካል ብቻ ነው" ተባልኩ። እውነት ምስጢር ነው? ደግሞስ ባየው ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ መምህር፣ የሚመለከተው አካል እርስዎ ነዎት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ከዚያ በላይ ዝርዝሩን የሚነግርዎ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። የዚህ አዋጅ የሚዲያ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ቢተካም፣ መረጃ የማግኘት መብት የሚለው ክፍል አሁንም አለ። መረጃውን ለምን እንደፈለጉት ማስረዳት የለብዎትም። ጥያቄዎን ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ያስገባሉ፤ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥዎ ይገባል። ከከለከለዎ ለበላይ ኃላፊው፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም። ተቋሙ አቤቱታ ለመቀበል ገንዘብ አያስከፍልም። አዋጁ የሚከለክላቸው የመረጃ ዓይነቶች አሉ፣ አልክድም፤ ገና ምርመራ ላይ ያለ ጉዳይም ሌላ ነው። ያለቀና ለምክር ቤት የቀረበ ሪፖርት ግን "የውስጥ ጉዳይ" አይደለም።

ታዲያ በቃል አይጠይቁ። በቃል የጠየቁት በቃል ይረሳል። ጽፈው መዝገብ ቤት ያስገቡ፣ የገቢ ቁጥሩን በእርስዎ ቅጂ ላይ ያስጽፉ። "የ2016 በጀት ዓመት የውጭ ኦዲት ሪፖርት ቅጂ" ብለው ዓመቱን ይጥቀሱ እንጂ "የኦዲት ነገር" አይበሉ፤ ለእንደዚያ ያለ ደብዳቤ የሚመጣውን መልስ ያውቁታል።

ምን ይጠቅመኛል ላሉት ኡጋንዳን ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 የኡጋንዳ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ይልከው የነበረው ድጎማ የት እንደሚደርስ ሲጠና፣ ትምህርት ቤቶቹ እጅ የገባው 13 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው መንገድ ላይ፣ በተለይ ወረዳ ላይ ቀረ። ከዚያ መንግሥት ለየወረዳው የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማሳተም ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ ተደረገ። በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆኗል። ተመራማሪዎች "ሁሉም የጋዜጣው ሥራ ነው ወይ?" ብለው ይከራከራሉ፤ አብረው የተደረጉ ሌሎች ማሻሻያዎችም ነበሩና ክርክሩ ተገቢ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ዳይሬክተሮቹ ናቸው። ስንት እንደተላከላቸው እንኳ ሳያውቁ ነበር ዓመታት ያለፉት። ያላወቁትን ገንዘብ እንዴት ይጠይቁ?

አለቃዬ "ይህቺን አውጣት" አለኝ

ሰላም ጋሼ። 27 ዓመቴ ነው። አንድ ወረዳ ላይ የውስጥ ኦዲተር ነኝ። ለግዥና ለውሎ አበል ተብሎ ወጥቶ ከዓመት በላይ ያልተወራረደ ሒሳብ አገኘሁ። ረቂቁን ለኃላፊው ሳቀርብ "ይህቺን አውጣት፣ እናወራርደዋለን" አለኝ። የሥራ አፈጻጸሜን የሚሞላው እሱ ነው። ዝውውርም ጠይቄያለሁ፤ የሚፈርመው አሁንም እሱ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ነገሩን ኖሬበታለሁና።

የኦዲተር ነጻነት ስብሰባ ላይ በትልልቅ ቃል ይወራል። እኔ ግን የማየው ትንንሽ ነገር ነው። ደመወዝህን ማን ይፈርማል? መኪናውን ማን ይሰጥሃል? የዓመት ፈቃድህን ማን ያጸድቃል? የፌዴራል ዋና ኦዲተር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት የሚሾመው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሪፖርቱንም የሚያቀርበው ለምክር ቤቱ ነው። ድሮ አቶ ገመቹ ዱቢሶ፣ ከሳቸው በኋላ ደግሞ ወይዘሮ መሠረት ዳምጤ ምክር ቤት ቆመው መሥሪያ ቤቶችን በስም እየጠሩ ጉድለታቸውን ሲያነቡ አይተህ ይሆናል። የተነበበበት ሚኒስትር ቢከፋው እንኳ የነሱን ዝውውር አይከለክልም። አንተ ግን የምትመረምረው ሰው አጠገብ ነው ጠረጴዛህ ያለው። የውስጥ ኦዲት ሲፈጠርም ሐሳቡ የኃላፊው ዓይን እንዲሆን ነው፤ ኃላፊው ዓይኑን መጨፈን ሲፈልግ ግን ምን ይሁን የሚለው ብዙ አልታሰበበትም።

ላንተ የምመክርህ ጀግና ሁን አይደለም። ግኝቱን ከሪፖርቱ አታውጣው። ግን አጻጻፉን አለዝበው፣ ቁጥሩን አጠንክረው። "ብክነት"፣ "ምዝበራ" የሚል ቃል አትጠቀም። በማን ስም፣ በየትኛው ቼክ፣ በስንት ቀን፣ ስንት ብር ወጥቶ እስከዚህ ቀን አልተወራረደም፤ አለቀ። ለኃላፊው ደግሞ መውጫ በር ስጠው፤ "እስከ ወሩ መጨረሻ ካወራረዳችሁ፣ ግኝቱ ሥር 'ከኦዲቱ በኋላ ተስተካክሏል' ብዬ እጽፋለሁ" በለው። ይህ ውሸት አይደለም። ብዙ አለቃ የሚፈልገው ከግኝቱ ማምለጥ ሳይሆን ከውርደቱ ማምለጥ ነው። እምቢ ካለ ምላሹን በጽሑፍ ጠይቀህ ከሪፖርቱ ጋር አያይዘው። ሪፖርቱን በእጅህ አትስጠው፣ በመዝገብ ቤት በኩል በቁጥር ይግባ። የሥራ ወረቀትህን፣ ማለትም ስትመረምር የጻፍከውን፣ ቅጂ በደንብ አስቀምጥ፤ ዋናውን ሰነድ ግን ቤትህ ይዘህ እንዳትሄድ፣ ያን ቀን ተከሳሹ አንተ ትሆናለህ። ቴሌግራም ላይም እንዳትለጥፍ።

ነገሩ ወንጀል ሆኖ ካገኘኸው ጠቋሚዎችንና ምስክሮችን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። መኖሩን እወቅ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ፋይሉን የነካው ሰው አንድ ብቻ በሆነበት ወረዳ "ማንነቱ ያልታወቀ ጠቋሚ" የሚባል ነገር የለም፤ ከመጠቆምህ በፊት እሱን አስብበት።

እኔ አንድ ጊዜ ግኝት ከሪፖርት አውጥቻለሁ። ወጣት ነበርኩ፣ ልጅ ተወልዶልኝ ነበር፣ አለቃዬም ደግ ሰው ነበር። በዓመቱ ያልተወራረደው ሒሳብ እጥፍ ሆኖ መጣ፤ "ባለፈው ዓመት ያልታየው ለምንድን ነው?" የሚለው የማብራሪያ ጥያቄ ታዲያ የመጣው ለደጉ ሰውዬ ሳይሆን ለኔ ነው።

በአምስት ጣት ተመዘንን

ጋሼ፣ እስቲ እኛንም ስማን። ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ኅብረተሰቡ ተሰብስቦ "የምዘና ካርድ" ይሞላል ተብሎ ለመድኃኒት አቅርቦት ከአምስት ሁለት ሰጡን። ግድግዳ ላይም ተለጠፈ። መድኃኒት እኔ ነኝ የምፈበርከው? በሕዝብ ፊት ያፈርኩት እኔ፣ መድኃኒቱ ያለው ሌላ ቦታ። ቁጥጥር ማለት ይህ ነው?

መልስ፦ እህት፣ ንዴትሽ ይገባኛል። የዚህ ነገር ስሙ ማኅበራዊ ተጠያቂነት ነው። እኛ አገር በፕሮግራም ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከ2011 በኋላ በነበረው ሁለተኛ ምዕራፍ 223 ወረዳዎች ደርሶ ነበር። ትምህርት፣ ጤና፣ ውሃ፣ ግብርናና የገጠር መንገድ ላይ ነበር የሚያተኩረው። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ንቄው ነበር። ገበሬ ሰብስቦ ፍሬ እየቆጠሩ ነጥብ ማሰጠት ኦዲት ነው እንዴ አልኩ። አንድ ቀን ስብሰባው ላይ ተቀምጬ ሳይ ግን አፈርኩ። አንዲት እናት ተነስተው "የሕክምና ካርድ የሚወጣው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው ትላላችሁ፤ እኔ ከቤቴ በሌሊት ወጥቼ ስደርስ አምስት ሰዓት ነው" አሉ። ይህን ግኝት እኔ ሃያ ዓመት ሰነድ ባገላብጥ አላገኘውም።

አሁን ወደ አንቺ። የምዘና ካርዱ ሁለት ወገን አለው። ተገልጋዩ ይመዝናል፣ ከዚያ እናንተ አገልግሎት ሰጪዎቹ ራሳችሁን ለብቻ ትመዝናላችሁ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ተገናኝታችሁ ማን ምን እንደሚያስተካክል በጋራ ትጽፋላችሁ። የወረዳው ኃላፊዎችም እዚያው መቀመጥ አለባቸው። እናንተ ጋ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተዘሎ የመጀመሪያው ተለጥፏል ማለት ነው። ያ ግማሽ ሥራ ነው፤ አንቺንም ያለ ጥፋትሽ ያስወቅሳል። ስለዚህ ተለጥፎ ያለውን ከመቅደድ (እንደቃጣሽ ከደብዳቤሽ አይቻለሁ) አጠገቡ የራሳችሁን ለጥፉ። የትኛውን መድኃኒት በስንት ቀን ጠየቅን፣ ስንት ጠየቅን፣ ስንት መጣ። የጠየቃችሁበት ቅጽ እጃችሁ ላይ አለ አይደል? ሰው ያኔ ሁለቱን ነጥብ ወስዶ የሚሰጠው ለሚገባው ነው።

ለጥበቃ፣ ለመንገድ፣ ለምን ለምን…

እንደምን አለህ ልጄ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ለአካባቢ ጥበቃ፣ ለኮብልስቶን፣ ለበዓል፣ ለምን ለምን እያሉ በየጊዜው ይሰበስባሉ። ደረሰኝ አንዳንዴ ይሰጣሉ፣ አንዳንዴ ደብተር ላይ ጽፈው ይሄዳሉ። ይህን ገንዘብ ማን ነው የሚቆጣጠረው?

መልስ፦ እትዬ፣ በመንግሥት ደረሰኝ የተሰበሰበው የመንግሥት ገቢ ነው፤ የከተማው ዋና ኦዲተር ሊመረምረው ይችላል። ደብተር ላይ ተጽፎ የሄደው ግን የትም መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል። በመዝገብ የሌለን ገንዘብ ኦዲተር ቢመጣም አያገኘውም፤ ጉድለት እንኳ አይባልም፣ ምክንያቱም አልተወለደም።

ከእድርዎ ይማሩ። እድር ላይ ገንዘብ ያዡ ቢዘገይ ማን ዝም ይለዋል? ሒሳብ መርማሪ ይመረጣል፣ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ድንኳኑ ስንት፣ ሰሃኑ ስንት፣ ባንክ ያለው ስንት ተብሎ ይነበባል፤ አንዲት ብርጭቆ ብትጎድል ክርክር ነው። ያንኑ ሰው ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሳየው አንገቱን ደፍቶ ያጨበጭባል። ለምን እንደሆነ እንጃ። የሚሰበስቡትን ልጆች አይቆጧቸው፣ የታዘዙ ናቸው። "ደረሰኙን ይዘሽ ስትመጪ ገንዘቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል" ይበሏቸው፤ ጎረቤትዎም እንዲሁ ይበል።

ክፍሉ ተሠራ፣ ዴስኩ የት ገባ?

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፍልዎ። የትውልድ ቀያችን ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተን አራት የመማሪያ ክፍል አሠራን። ምርቃት ተደረገ፣ ሪባን ተቆረጠ። ለዴስክ የላክነው ገንዘብ ግን የት እንደገባ ማንም አይነግረንም። እዚህ አገር ቢሆን ሰው ይጠየቅ ነበር። ከሩቅ ሆነን እንዴት ነው የምንቆጣጠረው?

መልስ፦ እዚያ አገር ያለው ልዩነት ሰዉ አይደለም። እርስዎ ያሉበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ የራሱ ኢንስፔክተር ጄኔራል፣ ማለትም የካውንቲውን ሥራ የሚመረምር መሥሪያ ቤት፣ አለው፤ ሪፖርቱንም ማንም እንዲያነበው ድረ ገጽ ላይ ያወጣዋል። ካላነበቡት አንድ ቅዳሜ ቡናዎን ይዘው ያንብቡት፤ እዚያም ጉድ አለ።

ወደ ዴስኩ ስንመጣ፣ ገንዘቡን በማን ስም ነው የላካችሁት? ደብዳቤዎ ላይ የለም። በአንድ ሰው የግል አካውንት ከሆነ፣ ሰውዬው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ ለወረዳው ኦዲተር ያ ገንዘብ የለም። ወደ ወረዳው ገቢ ከሆነ ደግሞ ገቢ የሆነበት ደረሰኝ ይኖራል፤ ቁጥሩን ጠይቁ። ቁጥሩ ካለ ወጪውን ከገቢው ተነስቶ መከተል የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ሕንፃው ለትምህርት ቤቱ ሲሰጥ የርክክብ ሰነድ ተፈርሞ የመንግሥት ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል? ካልተመዘገበ ነገ ጣሪያው ቢያፈስ ለጥገና በጀት የሚይዝለት የለም። ይህን ብዙ ማኅበር ይረሳዋል፤ ሪባኑን ግን አይረሳም።

ለሚቀጥለው ገንዘቡን አንዴ አትላኩ። መሠረቱ ሲወጣ፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ዴስኩ ክፍሉ ውስጥ ተቆጥሮ ሲገባ እያላችሁ ከፍሉት። ቆጣሪዎቹ ከወላጅ መምህር ኅብረት ሁለት ወላጆች ይሁኑ፣ ልጃቸው እዚያ ክፍል የሚማር። ፎቶ ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ዴስክ አራት ክፍል ውስጥ እየተዘዋወረ ፎቶ ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ።

እና አይቀየሙኝ፣ የእናንተን የማኅበር ሒሳብ እዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመጨረሻ ጊዜ የመረመረው ማነው?

ምሳ ቢጋብዙህስ?

ጋሼ፣ ለጨዋታ ያህል ልጠይቅዎ። ኦዲተሮች ወረዳ ሲወርዱ ጥብስ ይጋበዛሉ ይባላል። እርስዎ በልተዋል?

መልስ፦ በልቻለሁ እንጂ! መጀመሪያ ዓመታት ላይ። እምቢ ማለት ነውር ይመስለኝ ነበር፤ ያገራችን ሰው እንግዳ ሳያበላ አይሸኝም፣ አንተም አልበላም ብትል "ምነው ተጣላን?" ይልሃል። ችግሩ ምሳው አይደለም። ከምሳ በኋላ ስትመለስ የጎደለውን ሞዴል ለመጠየቅ አፍህ ይከብዳል። ኋላ ላይ ብልሃት አበጀሁ፤ ሽሮ ብቻ ነው የምበላው፣ ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል አልኩ። ሽሮ ማንም "ጋበዝኩህ" ብሎ አይመጻደቅበትም።

አንድ ቦታ ግን ያም አላዳነኝም። ከተማዋ ያላት ምግብ ቤት አንድ ነው። ሽሮዬን በልቼ ልከፍል ስል አስተናጋጇ "ተከፍሏል" አለችኝ። ማን ከፈለ? "የቢሮው ሰውዬ፣ የሳምንቱን።" እንግዲያው ደረሰኙን አሳዪኝ አልኳት። አምጥታ አሳየችኝ። "ለስብሰባ መስተንግዶ፣ የ12 ሰው" ይላል። በሞባይሌ ፎቶ አነሳሁት፣ የሽሮዬን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወደ ቢሮ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ የጠየቅሁት የመጀመሪያ ሰነድ የመስተንግዶውን ነበር።